ተረት የጠበቃቸው ድንጋዮች
ስለ አየርላንድ ገጠር የጥንት መቃብሮችና ስለ አፈ ታሪካቸው

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ምሳሌ ፊደል ከቆጠርንበት ቀን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ተማሪዎች በመሆናችንም ምሳሌው እኛን የሚያመሰግን ይመስለናል፤ መጽሐፍ የያዘው እጅ የእኛ ነውና። ነገር ግን በአውሮጳ ምዕራባዊ ጫፍ በምትገኝ አንዲት ደሴት፣ በቃል ብቻ የኖረ ተረት 5,000 ዓመት የሞላውን ድንጋይ ሲጠብቅ፣ መዝገብ ያልያዘውን ኀዘን ሲያስታውስ፣ አንዳንድ ጊዜም የተማረውን ሰው ሲያስተምር እናገኘዋለን። ደሴቲቱ አየርላንድ ናት። እኛ አገሪቱን በዓይናችን አላየናትም፤ የምናውቃት በንባብ ነው። ሆኖም ስለ ድንጋዮቿና ስለ መቃብሮቿ የሚነገረው ነገር ለእኛም የሚጠቅም ትምህርት ያለበት ሆኖ ስላገኘነው ለጓደኞቻችን ልናካፍል ወደድን። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ሀ. ድንጋዮቹና የተሰጣቸው ስም

በአየርላንድ ገጠር የሚሄድ መንገደኛ ከብዙው የጥንት ሥራ ሦስቱን ዓይነት ደጋግሞ ያያል።

የመጀመሪያው ዶልመን የሚባለው ነው። ይኸውም ጥቂት ድንጋዮች እንደ ምሰሶ ቆመው፣ በላያቸው አንድ ታላቅ ድንጋይ እንደ ክዳን የተጫነበት መቃብር ነው። በካርሎ አውራጃ፣ ብራውንስሂል በተባለ ስፍራ ያለው ክዳን ከ100 ቶን በላይ እንደሚመዝን ይገመታል። ያገሩ ገበሬ እንዲህ ያለውን ነገር ሲያይ «የዲያርሙድና የግራንያ አልጋ» ይለዋል። ግራንያ በአፈ ታሪኩ የንጉሥ ልጅ ናት። ፊን ማክ ኩል ለተባለ በዕድሜ ለገፋ የጦር አለቃ ታጭታ ሳለች፣ በግብዣው ላይ ወጣቱን ዲያርሙድን አይታ ወደደችው፤ ይዛውም ጠፋች። ፊን እያሳደዳቸው ባንድ ስፍራ ሁለት ሌሊት ሳያድሩ አገሩን ዞሩ። በየመሸበትም ዲያርሙድ ድንጋይ እያነሣ አልጋ ሠራላት ይላል ሕዝቡ። ስደታቸው አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ስለ ቆየ የአልጋዎቹ ቁጥር 366 ነው ይባላል።

ሁለተኛው በኮረብታ ራስ ላይ የተቆለለ የድንጋይ ክምር ነው። በስላይጎ አውራጃ፣ ኖክናሬ በሚባል 327 ሜትር ከፍታ ባለው ኮረብታ ላይ ያለው ክምር 10 ሜትር ያህል ቁመት አለው። ሕዝቡ «የንግሥት ሜቭ መቃብር» ይለዋል። ሜቭ በአፈ ታሪክ የኮናክት ንግሥት ስትሆን፣ ጦሯን እንደ ያዘች፣ ፊቷን ወደ ጠላቶቿ ወደ አልስተር አዙራ፣ ቆማ ተቀብራለች ይባላል። ወደ ኮረብታው የሚወጣ ሰውም አንድ ድንጋይ ከታች ይዞ ወጥቶ በክምሩ ላይ የመጨመር ልማድ ነበረው። ክምሩ በአርኪዎሎጂ ቁፋሮ ስላልተከፈተ ንግሥቲቱ እንደ ቆመች ናት።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበዛው በአየርላንድ ቋንቋ ሊስ የሚባለው ክብ የአፈር ካብ ነው። ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮ፣ አፈሩ ወደ ውስጥ ተክቦ፣ መካከሉ ሜዳ ሆኖ ይታያል። በአገሪቱ 45,000 ያህል ተቆጥሯል። የአርኪዎሎጂ ሊቃውንት እንደሚሉት አብዛኞቹ ከ500 እስከ 1000 ዓመተ ምሕረት ባለው ዘመን የኖሩ ገበሬዎች ቤታቸውንና ከብታቸውን ያጠሩባቸው ግቢዎች ናቸው። ሕዝቡ ግን ሊስን የ«ሺ» ማደሪያ ነው ይላል። ሺ የተባለው ቃል መጀመሪያ ጉብታ ማለት ነበር፤ ኋላ በጉብታው ውስጥ ይኖራሉ ለሚባሉት የማይታዩ ሰዎች መጠሪያ ሆነ። ያገራችን ሽማግሌ ቢሰማ «ቆሌ አለበት ማለታችሁ ነው» ብሎ ነገሩን ባጭሩ ይረዳው ነበር።

ሌሎች ደግሞ ሊሶቹን የሠሩ «ዴኖች» ናቸው ይሉ ነበር። እነዚህ በ795 ዓመተ ምሕረት ገደማ በመርከብ መጥተው ያገሩን ገዳማት የዘረፉት የሰሜን ሰዎች ናቸው። እውነቱን ለመናገር ሊሶቹን የሠሩት ያገሩ ገበሬዎች ራሳቸው ናቸው፤ ነገር ግን አስደንጋጩ ጠላት በሕዝብ ልብ ውስጥ ስለ ቀረ፣ ሠሪው የማይታወቅ ሥራ ሁሉ ለእርሱ ተሰጠ። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በጢያ የቆሙትን፣ በ1980 ዓመተ ምሕረት በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን 36 ድንጋዮች ያገሩ ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸው የለምን? ድንጋዮቹ ከግራኝ አህመድ ዘመን በፊት የቆሙ የመቃብር ምልክቶች መሆናቸውን ጥናት አሳይቷል። አየርላንዳዊው «ዴኖች» ሲል፣ የእኛ ሰው «ግራኝ» ሲል፣ ሁለቱም የድንጋዩን ዕድሜ ሳይሆን የራሳቸውን የፍርሃት ዕድሜ ይነግሩናል። ስለዚህ ተረትን የሚያጠና ሰው መጀመሪያ ሊለየው የሚገባ ነገር ይህ ነው፤ ተረቱ ስለ ምን ይመሰክራል? ስለ ድንጋዩ ነው ወይስ ስለ ተራኪው?

ለ. ተረት እንደ ዘበኛ

ስለ ሊስ የሚነገረው ነገር ብዙ ቢሆንም ፍሬ ነገሩ አንድ ነው፤ አትንካው ማለት ነው። አፈሩን የቆፈረ፣ በላዩ የበቀለውን እሾኻማ ዛፍ የቆረጠ፣ ድንጋዩን አንሥቶ ለቤቱ መሠረት ያደረገ ሰው ላሙ ትሞታለች፣ እጁ ይሰልላል፣ ወይም ከቤቱ አንድ ሰው ይታመማል። በሌሊት ከሊሱ ዘፈንና ሙዚቃ ይሰማል። ደግሞም የተደገመበትን ሣር የረገጠ መንገደኛ በገዛ ማሳው መካከል በሩ ይጠፋበትና እስኪነጋ ሲዞር ያድራል ይባላል።

የተማረ ሰው እንዲህ ያለውን ሲሰማ ይስቃል፤ እኛም መጀመሪያ ስናነብ ስቀናል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳቃችንን አቋረጠው። ሠሪዎቻቸው ከሞቱ ከ1,000 ዓመት በላይ የሆናቸው የአፈር ካቦች፣ መሬት በጠበበበትና ረኃብ ባየለበት አገር፣ ማረሻ ሳይነካቸው እንዴት ኖሩ? ከ1845 ጀምሮ ድንች በበሽታ ጠፍቶ ሕዝብ ባለቀበት ዘመን እንኳ እያንዳንዷ ስንዝር መሬት ትፈለግ ነበር። የብሔራዊ ሐውልቶች ሕግ በ1930 እስኪወጣ ድረስ በብዙው ሊስ ደጅ የቆመ ዘበኛ አልነበረም። ለብዙው ሊስ ዘበኛው ተረቱ ነበር።

ይህም የታወቀው ዘበኛው ሲሻር ነው። አየርላንድ በ1973 የአውሮጳ የኢኮኖሚ ማኅበር አባል ከሆነች በኋላ እርሻ ተስፋፋ፤ ማሳን ለማስፋት ቡልዶዘር ገባ። ወጣቱም በአያቱ ተረት ማመን ማፈሪያ ሆኖ ታየው። ቦዩ ተደፈነ፣ ካቡ ተናደ፣ ብዙ ሊስም ሜዳ ሆነ። ሕጉ በመጽሐፍ ተጽፎ ሳለ በቃል ያለው ሲረሳ በመጽሐፍ ያለው ብቻውን ሊያድን አልቻለም።

አንዳንድ ቦታ ግን ዘበኛው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በሥራው ላይ ነበር። በ1999 በክሌር አውራጃ፣ ላቱን በተባለ ስፍራ አዲስ አውራ ጎዳና ሲሠራ አንድ ብቻውን የቆመ እሾኻማ ዛፍ ሊቆረጥ ሆነ። ተረት ነጋሪው ኤዲ ሌኒሃን ዛፉ የሺ ሰዎች መሰብሰቢያ መሆኑን ከሽማግሌዎች ሰምቻለሁ፣ ቢቆረጥ መንገዱ አደጋ ይበዛበታል ብሎ በጋዜጣ ጻፈ። ነገሩ በዓለም ተወራ፤ መሐንዲሶቹም ዛፉ እንዲተርፍ አደረጉ። የአድባር ዛፍ ባለበት መንደር ያደገ ጓደኛችን ይህን ሲሰማ አይደነቅም።

ሆኖም ተረትን ስናመሰግን ዓይናችንን መጨፈን አይገባንም። በ1992 በካቫን አውራጃ አንድ ባለ ጠጋ የድንጋይ ማውጫውን ለማስፋት ሲል፣ ኦክሪም በተባለ ስፍራ የነበረ የጥንት መቃብር ተቆፍሮ ከተጠና በኋላ ድንጋዮቹ ተነሥተው በአንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ እንደገና ተተከሉ። ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ የሰውየው ሀብት ሲወድቅ «ድንጋዮቹን ስለ ነካ ነው» የሚል ወሬ ተነሣ። እውነተኛው ምክንያት ግን በ2008 የደረሰው የባንኮች ውድቀትና በዚያ ባንክ ላይ የዋለው ገንዘብ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ለድንጋይ መስጠት ከሒሳብ መዝገብ ያዘናጋል። ተረት መልካም ዘበኛ ቢሆንም መልካም ዳኛ ነው ለማለት አንደፍርም።

ሐ. ተረት እንደ ምስክር

ተረቱ ድንጋዩን ከመጠበቅ አልፎ ስለ ድንጋዩ እውነት የሚያውቀው ነገር አለን? መልሱ አንዳንዴ አዎን፣ አንዳንዴ አይደለም ነው።

አይደለም የሚለውን እናስቀድም። በክሌር አውራጃ፣ በረን በሚባለው ዐለታማ አገር፣ ፑልናብሮን የተባለ ዶልመን አለ። በ1986 እና በ1988 አን ሊንች በተባለች የአርኪዎሎጂ ሊቅ መሪነት ሲቆፈር ቢያንስ የ33 ሰዎች አጥንት ተገኘበት፤ ከመካከላቸውም ሕፃናት ነበሩ። ከአዋቂዎቹ አብዛኞቹ 30 ዓመት ሳይሞላቸው የሞቱ ናቸው፤ ያንዱም የዳሌ አጥንት ውስጥ የድንጋይ ፍላጻ ጫፍ ተሰብሮ ቀርቷል። እንግዲህ ዶልመን የፍቅረኞች አልጋ ሳይሆን፣ ደክመው ኖረው በወጣትነታቸው የሞቱ ገበሬዎች ማረፊያ ነው።

አዎን የሚለው ደግሞ በቦይን ወንዝ አጠገብ ያለው የኒውግሬንጅ ነገር ነው። ይህ 85 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጉብታ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 ገደማ የተሠራ በመሆኑ ከጊዛ ፒራሚዶች ይበልጣል። በውስጡ 19 ሜትር ርዝመት ያለው ጠባብ መተላለፊያ ወደ መቃብሩ ክፍል ያደርሳል። በ1699 ያገሩ ባለ መሬት ድንጋይ ሲያስነሣ መግቢያው ተገኘ። ከ1962 እስከ 1975 ስፍራውን የቆፈረው የኮርክ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መምህር ማይክል ኦኬሊ ነው። ሥራውን ሊያዩ የሚመጡ ሰዎች «በዓመት አንድ ጊዜ ፀሐይ እስከ ውስጠኛው ክፍል ድረስ ገብታ የተቀረጸውን ድንጋይ ታበራለች፤ ይህም በበጋ ነው» እያሉ ይነግሩት ነበር። አየሁ የሚል ግን አንድም ሰው አልተገኘም። ኦኬሊ ንግግሩን አልናቀም፣ እንዲሁም አልተቀበለም። መተላለፊያው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስለሚመለከት በበጋ ሊሆን እንደማይችል፣ ነገር ግን ቀኑ እጅግ በሚያጥርበት በክረምታቸው ሊሆን እንደሚችል አሰበ። በመግቢያው ላይም ከደጁ በላይ የተሠራች ትንሽ መስኮት ተገኝታ ነበር። ታኅሣሥ ወር በገባ በፈረንጆቹ 21ኛው ቀን፣ በ1967፣ ከንጋት በፊት ብቻውን ገብቶ በጨለማው ተቀመጠ። ፀሐይ ስትወጣ ቀጭን ብርሃን በመስኮቲቱ ገብታ፣ መተላለፊያውን አቋርጣ፣ ክፍሉን አበራችው፤ 17 ደቂቃ ያህል ቆይታም ወጣች።

ልብ በሉ፤ ተረቱ ወሩን ስቶ ነበር፤ ነገሩን ግን አልሳተም። ኦኬሊ ተረቱን ቢንቅ ኖሮ በዚያ ቀን እዚያ አይቀመጥም ነበር። እንዳለ ቢያምነው ደግሞ በበጋ ጠብቆ ምንም ሳያይ ይመለስ ነበር። ምሁር ለተረት ሊሰጠው የሚገባው ክብር ይህ ይመስለናል፤ አዳምጦ መመርመር።

ከኒውግሬንጅ ጥቂት ራቅ ብሎ ዳውዝ የሚባል ሌላ ጉብታ አለ፤ ስሙ ከጨለማ ጋር የተያያዘ ነው። በመካከለኛው ዘመን በጽሑፍ የሠፈረ አፈ ታሪክ፣ ጉብታውን ያሠራ የነበረው ንጉሥ ከእኅቱ ጋር ኃጢአት በመሥራቱ ጨለማ ወረደ ይላል። በ2020 የደብሊን ሊቃውንት በኒውግሬንጅ የተገኘ የአንድ ወንድ አጥንት መርምረው፣ ወላጆቹ እኅትና ወንድም ወይም ወላጅና ልጅ እንደ ነበሩ አስታወቁ፤ አፈ ታሪኩንም አነሡ። ሌሎች ሊቃውንት ደግሞ ካንድ ሰው አጥንት ተነሥቶ ስለ ገዢ ቤተ ሰብ መናገር አይገባም ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ የእነርሱ ነው፤ ለእኛ የሚበቃን ግን ተረቱ በቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ላይ መቅረቡ ነው።

መ. ስም ያልተጻፈባቸው ትንንሽ ድንጋዮች

እስካሁን የተናገርነው ስለ ጥንት ሙታን ነው። አሁን የምንለው ግን እናቶቻቸው በእኛ አያቶች ዕድሜ ስለ ነበሩ ሙታን ነው።

በአየርላንድ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ልማድ ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን በተቀደሰው የመቃብር ስፍራ አይቀበርም ነበር። ነፍሱ ከገነትም ከሲኦልም ውጭ በሆነ ስፍራ ትኖራለች ይባል ነበር። እንግዲህ አባት ምን ያድርግ? ሕፃኑን በትንሽ ሣጥን አድርጎ፣ በሌሊት ወይም ሳይነጋ፣ ካህን ሳይከተለው፣ ኪሊን ወደሚባል ስፍራ ይወስደዋል። ኪሊን የፈረሰ የጥንት ቤተ ክርስቲያን፣ ወይም የሁለት ርስት ወሰን፣ ወይም ሊስ ሊሆን ይችላል። በመቃብሩ ላይ ከሜዳ የተለቀመ ድንጋይ ይቆማል፤ ስም የለበትም። በእንዲህ ያለው ስፍራ አንዳንዴም ራሱን የገደለ ሰው ወይም ባሕር የተፋው ያልታወቀ መርከበኛ ይቀበር ነበር። ከ1,000 በላይ ኪሊኖች በአገሪቱ ታውቀዋል፤ ልማዱም እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ዘልቋል።

ሊስ ስለ ምን ተመረጠ? ሊቃውንት እንደሚሉት ሊስ በሕዝቡ ዘንድ ከዚህ ዓለምም ከዚያኛውም ያልሆነ የመካከል ስፍራ ነው፤ የሕፃኑም ነፍስ እንደዚያው ናት። እኛ አንድ ነገር እንጨምራለን። ሊስን ማንም አያርሰውም። ቤተ ክርስቲያን አጥር የከለከለችውን ሕፃን፣ አባቱ ተረት ባጠረው ስፍራ አስቀመጠው። በጥምቀት መዝገብ ስሙ የለም፤ በመቃብሩ ድንጋይም የለም። ስፍራውን የሚያውቁት በአጠገቡ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ጎረቤቶች ብቻ ነበሩ።

ይህን ካወቅን በኋላ ስለ ቡልዶዘሩ ያልነውን መልሰን ብናነብ ነገሩ ሌላ ይሆናል። «ያ አጉል እምነት ነው» ተብሎ አንድ ሊስ ሲደፈን፣ ያፈረሰው ሰው የጥንት ካብ ብቻ የነካ መስሎት ይሆናል። ከሥሩ የማን ልጅ እንዳለ የምታውቀው አሮጊት ግን በቤቷ ዝም ብላ ተቀምጣ ይሆናል፤ እንድትናገር ማንም አልጠየቃትምና። ባለፉት አሥርተ ዓመታት ካህናት ወደ ብዙ ኪሊኖች ሄደው ባርከዋል፤ መንደርተኛውም የመታሰቢያ ድንጋይ አቁሟል። ስፍራዎቹ የተገኙት ደግሞ ከፊሉ በቆዩ ካርታዎች ላይ «የልጆች መቃብር» ተብሎ ስለ ተጻፈ፣ ከፊሉም አንድ ሰው አስታውሶ ስለ ነገረ ነው።

ሠ. ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት

አየርላንዶች ይህን ሁሉ እንዴት አዳኑት? በ1935 መንግሥታቸው የአፈ ታሪክ ኮሚሲዮን አቋቋመ። ኮሚሲዮኑ ከ1937 እስከ 1939 ያደረገው ነገር ከሁሉ ይልቅ ደስ አሰኝቶናል። በ5,000 ያህል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ 50,000 ያህል ልጆች ደብተር ይዘው ወደ አያቶቻቸውና ወደ ጎረቤቶቻቸው እንዲሄዱ፣ የሰሙትንም እንዲጽፉ ታዘዙ። ስለ ሊስ፣ ስለ አሮጌ መቃብር፣ ስለ ተቀበረ ገንዘብ፣ ስለ ፈውስ ውኃ ጠየቁ። የተሰበሰበው ወደ 740,000 ገጽ ይደርሳል። ዛሬ በደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ይገኛል፤ የኮሚሲዮኑም ስብስብ በ2017 በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ውስጥ ገብቷል። የጻፉት ሊቃውንት አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ከ11 እስከ 14 ዓመት ዕድሜ ያላቸው የገበሬ ልጆች ነበሩ።

እኛ ከእነዚያ ልጆች በዕድሜም በትምህርትም እንበልጣለን። ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ በየመንደራችን የቆመ ድንጋይ፣ የማይቆረጥ ዛፍ፣ ሰው የማያርሰው ጉብታ መኖሩን እናውቃለን። አንድ ደብተር መያዝ አይከብደንም። የተናገረውን ሰው ዕድሜና መንደር እንጻፍ፤ ቃሉን እንደ ተናገረው እንጻፍ፤ «እንዲህ ማለትዎ ነው?» እያልን በእኛ አማርኛ አናርመው። ሁለት ሰዎች ሁለት ዓይነት ቢናገሩ ሁለቱንም እንጻፍ። ልክ ነው ወይም አይደለም ማለት ኋላ የሚመጣ ሥራ ነው። በሌሊት የተቀበረ ነገር ካለና ተናጋሪዋ ዝም ካለች ግን ዝምታዋን እናክብር፤ ሌላ ቀን እንመለስ።

የመነሻችን ምሳሌ በመጨረሻው ትክክል መሆኑን አንክድም። በቃል ያለ ይረሳል፤ ላሙ ትሞታለች ያሉት ሽማግሌ ሲሞቱ ሊሱ ዘበኛ አጥቷል። ነገር ግን በመጽሐፍ የሚወረሰው መጀመሪያ በቃል የነበረውን የሚሰማ ጆሮ ሲገኝ ነው። ያ ጆሮ የእኛ እንዲሆን እንመኛለን።